እግሩ ተሻገረ፣ ክሬዲቱ ወንዝ ማዶ ቀረ

እናቴ እንዝርቷን አቁማ "እግሩን አሞት ነው እንዴ የምትደብቁኝ?" አለችኝ። ወንድሜ መስከረም ላይ ላይሮጥ ይችላል ብዬ ነግሬያት ነው፣ ለሷ ሯጭ ሳይሮጥ ከቀረ ወይ እግሩ ነው ወይ ሆዱ ነው፣ ሌላ ምክንያት አይገባትም። "አይ እማ፣ እግሩስ ደህና ነው፣ ክሬዲት ጎድሎት ነው" አልኳት። ክሬዲት ማለት ተማሪው ለጨረሰው ኮርስ ሁሉ የሚቆጠርለት የትምህርት መጠን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ጨርሼ ዝም ስል ደግሞ "ታዲያ ሁለት ዓመት የተማረውን ማን ወሰደበት?" አለችኝ። ይሄ ጥያቄዋ ከዛን ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

እኔ ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሬጅስትራር ነው የምሠራው። ከሌላ ቦታ ትራንስክሪፕት፣ የውጤት ወረቀቱን ማለት ነው፣ ይዞ የሚመጣ ተማሪ የትኛው ኮርስ እንደወሰደ ተቆጥሮ ኤግዘምት ይደረግለታል፣ የትኛውን እንደ አዲስ ይወስዳል የሚለውን ሲላበስ ከሲላበስ እያስተያየሁ ነው የምውለው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በሩጫ ስኮላርሺፕ አግኝቶ አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፣ 5,000 ሜትርና አገር አቋራጭ ይሮጣል። ሥራዬ ይሄ ሆኖ ሳለ የገዛ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሲቀያይር ኮቹ ምን እንዳለው፣ ጫማ ይሰጡሃል ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው እያልኩ ስጠይቅ ስለ ክሬዲቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠየኩትም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ የሚባለው ድርጅት ነው፣ ትልቁ እርከን ዲቪዥን ዋን ይባላል። ድሮ ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረ ስፖርተኛ፣ በተለይ በአሜሪካን ፉትቦልና በቅርጫት ኳስ፣ አንድ ዓመት ሳይወዳደር ቁጭ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥቅምት ላይ ትራንስፈር ፖርታል የሚሉት ነገር መጣ፣ ልጁ ስሙን እዛ ያስገባል፣ ሌሎች ኮቾች ያዩታል፣ ያናግሩታል። በ2021 ሁሉም ስፖርተኛ አንድ ጊዜ ቢቀይር ወዲያው መወዳደር እንዲችል ተፈቀደ። ሁለተኛ የቀየረ ግን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፣ ብዙውም ይከለከል ነበር። ታህሳስ 2023 ላይ በኦሃዮ የሚመሩ ሰባት ስቴቶች ይሄ ልጆቹን ማሰር ነው ብለው ከሰሱ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ያለ የፌደራል ፍርድ ቤትም ክልከላውን አገደው፣ በሚያዝያ 2024 ድርጅቱ ራሱ ደንቡን ቀየረና የፈለገውን ያህል ጊዜ ይቀይር፣ የትምህርት መስፈርቱን ካሟላ ግን ወዲያው ይወዳደራል አለ።

በዛ ሰሞን ሁሉም ሰው የሰማው "የፈለገውን ያህል" የምትለዋን ነው። "የትምህርት መስፈርቱን ካሟላ" የምትለዋን ግን ማንም ልብ አላላትም፣ ወንድሜም፣ እኔም፣ የጠሩት ኮችም።

መስፈርቱ ሲተነተን፣ ሁለተኛ ዓመት ከመግባቱ በፊት 24 ክሬዲት መጨረስ አለበት፣ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 6፣ ክረምቱ ሳይቆጠር በመደበኛው ዓመት ቢያንስ 18። ጂፒኤው፣ አማካይ ውጤቱ ማለት ነው፣ ለመመረቅ 2.0 የሚጠየቅ ከሆነ ሁለተኛ ዓመት ላይ 1.8፣ ሦስተኛ ላይ 1.9፣ ከአራተኛ ጀምሮ ሙሉ 2.0። እስከዚህ ድረስ የሚከብድ ነገር የለውም፣ ወንድሜ በየዓመቱ 30 ነበር የሚወስደው። ልጆቹን የሚጥላቸው የፐርሰንቱ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር የያዘውን ዲግሪ 40 ፐርሰንት፣ አራተኛ ሲጀምር 60፣ አምስተኛ ሲጀምር 80 ፐርሰንት ጨርሶ መገኘት አለበት። 120 ክሬዲት በሚጠይቅ ዲግሪ ሲሰላ 48፣ 72፣ 96 ማለት ነው። የያዘውን ዲግሪ ነው የሚለው፣ በጠቅላላ የወሰደውን አይደለም፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደግሞ ዲፓርትመንት የግድ መርጦ መገኘት አለበት።

ወንድሜ የመጀመሪያ ዓመት ኤክሰርሳይዝ ሳይንስ ጀመረ። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ያ ዲፓርትመንት ስላልነበረው ወደ ቢዝነስ ገባ። ሁለተኛው ዓመት አልቆ ሲቀይር ሦስተኛው ላይም ቢዝነስ ያዘ፣ የትራንስክሪፕቱ ግምገማ ግን የመጣለት ፈርሞ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ አዲሱ ከተማ ቤት ከተከራየ በኋላ ነው። ያኔ እኛ ጋ የሞባይል ዳታ ዝግ ስለነበር ቢሮ ዋይፋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የላከውን ስክሪንሾት የከፈትኩት። 60 ክሬዲት ወስዷል። 51 ተቀብለናል ይላል። ከታች ደግሞ በትንሽ ፊደል ለዲግሪው የሚቆጠር 42።

ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል፣ እኔን ግን ወዲያው ደረቴን ወጋኝ፣ ምክንያቱም ዕለት ዕለት የማየው ነገር ነው። ክሬዲት ተቀበልን ማለትና ለዲግሪው ተቆጠረ ማለት ለየቅል ነው። አንድ በአንድ ስፈትሸው ዘጠኙ ከነጭራሹ አላለፈም፣ ዲ ያመጣበት አንድ ኮርስ 3፣ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ገቢ ብቻ የሚሰጠው ሰሚናር 2፣ የስፖርት ተግባር ኮርሶች 4። ሌላው ዘጠኝ ደግሞ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ኒውትሪሽን ነው፣ ተቀብለውታል፣ ቢዝነስ ውስጥ ግን የነጻ ምርጫ ቦታው ሞልቶ ስለነበር የትም አይገባም። አናቶሚውን ኤ ነው ያመጣው፣ የአጥንት ስም እየሸመደደ እንግሊዝኛውን ያሻሻለበት ኮርስ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል፣ ግን ምንም አይሠራለትም። የሚፈለገው 48 ነው፣ ያለው 42 ነው።

ኤንሲኤኤ ስንት ክሬዲት ይቆጠር የሚለውን አይወስንም፣ ያ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሥልጣን ነው። ፖርታል ውስጥ ስሙን ያስገባ ልጅ ደግሞ የድሮው ትምህርት ቤት ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስኮላርሺፑን ሊያቋርጥበት ይችላል፣ ስለዚ ግምገማው አይቼ ልመለስ የሚባል ነገር የለም። ወንድሜ ደግሞ የተማሪ ቪዛ ላይ ነው፣ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ይዞ ሙሉ ጊዜ ካልተማረ አገር ውስጥ መቆየቱም አደጋ ላይ ይወድቃል። አሜሪካዊው ልጅ ቢከፋው እናቱ ቤት ይገባል፣ የኛው ልጅ የት ይገባል?

እናቴ "ማን ወሰደበት" ስትል የምታስበው አያቴን ነው። አያቴ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ ዋሸራ ተቀኝተው ከዛ ጎንጅ ሄደዋል። እኛ አገር መምህር መቀየር ነውር አይደለም፣ ቅኔ ጎጃም፣ አቋቋም ጎንደር እየተባለ ተማሪው ነው እውቀቱን ተከትሎ የሚዞረው። አኩፋዳውንና ደበሎውን ይዞ አዲስ ጉባኤ ሲደርስ ማንም ወረቀት አይጠይቀውም፣ መምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔውን ይናገራል፣ ጉባኤ ቃና ላይ ያለም መወድስ የደረሰም አፉን ሲከፍት ይታወቃል። ያወቀው ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። የአሜሪካው ግን ያወቅከውን ሳይሆን ያወቅከው የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል የሚለውን ነው የሚቆጥረው። ለእናቴ ይሄን ብነግራት "ይሄማ ግፍ ነው" አለች።

እኔ ግን ግፍ ነው ብዬ አላቆምም። የፐርሰንቱ ደንብ ባይኖር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ልጁ አራት ዓመት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተጎተተ ሮጦ ሮጦ እግሩ ሲደክም ባዶ እጁን ነው የሚሸኙት። ደንቡ ቢያንስ ኮቹ ስለ ትምህርት እንዲያስብ ያስገድደዋል፣ በዛ ላይ እያንዳንዱ ቡድን ከ1000 የሚሰጠው የትምህርት ነጥብ አለ፣ ከ930 ከወረደ ከማጠቃለያ ውድድር ሊታገድ ይችላል። ስለዚ መስፈርቱ ይኑር፣ እንዳውም ጠንከር ይበል። የሚያናድደኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ፊርማ፣ ከዛ ቤት፣ ከዛ ግምገማ! ኮቹ የልጁን የ5,000 ሜትር ሰዓት እስከ ሽርፍራፊ ሰከንድ ድረስ ያውቃል፣ ስንት ክሬዲት እንደሚቆጠርለት ግን ከፈረመ ወር በኋላ ነው የሚያጣራው። የሚፈርመው ልጅ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይድረሰው ነው የምለው፣ ስንት ተቀበላችሁ፣ ስንቱ ለዲግሪዬ ተቆጠረ። ሬጅስትራር ነኝ፣ ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁ፣ ኮርስ ካታሎጉ ካለ በሁለትና በሦስት ቀን የሚያልቅ ነው።

ወንድሜ 6 ክሬዲቱን በክረምት ነው የሞላው፣ ሁለት ኮርስ፣ ስታቲስቲክስና አካውንቲንግ። ስኮላርሺፑ ክረምቱን ስለማይሸፍን የአክስታችን ልጅ ግማሹን ከፈለለት፣ ግማሹን እኔ ዕቁቤን ቀድሜ ወስጄ ነው የላክሁት። እኛ ጋ ሌሊት ሲሆን እሱ ከልምምድ ገብቶ ያጠናል፣ "እታለም፣ ዴቢትና ክሬዲቱ ተምታታብኝ" እያለ ቮይስ ይልክልኛል፣ እኔም አካውንቲንግ ስለተማርኩ ጠዋት ቢሮ ስገባ መልሱን እልክለታለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ 48 ሞላ፣ ድፍን 48፣ አንድ እንኳ ትርፍ የለውም፣ የአገር አቋራጩን ሲዝን በዛው ጀመረ።

ባለፈው ዓመት ማለቂያ ላይ ደግሞ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮች አዋራው፣ የተሻለ ቡድን፣ የተሻለ ትራክ፣ ሁሉም የተሻለ። አሁን ግን ወንድሜ ራሱ ነው ቀድሞ "ካታሎጋችሁን ላኩልኝ" ያለው። ልከውለት አብረን አየነው፣ እኔ እዚህ እሱ እዛ ስልክ ከፍተን። ያኔ ለዲግሪው የሚቆጠር 75 ነበረው፣ ለአራተኛ ዓመት 72 ይበቃዋል። እዛ ቢሄድ እኔ በቆጠርኩት 55 ገደማ ነው የሚቀርለት፣ በዛ ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻውን 30 ክሬዲት እኛው ጋ ካልወሰድክ አናስመርቅም ይላሉ። ትንሽ ዝም አለና "ይቅርብኝ እታለም" አለ።

እናቴ አሁንም ክሬዲት ምን እንደሆነ በደንብ የገባት አይመስለኝም። እሁድ ሲደውል ግን ስንተኛ ወጣህ ብላ አትጀምርም፣ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ "ስንት ደረሰልህ ልጄ?" ነው የምትለው፣ እሱም ቁጥሩን ይነግራታል፣ እሷም ለጎረቤት ትናገራለች።