ጓደኛ ነው ያበላሸው አትበሉኝ

ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ሱስ ውስጥ ገባ ሲባል "ጓደኛ ነው ያበላሸው" ይባላል፣ አለቀ። ጓደኛው ከመምጣቱ በፊት ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

አንድ የጎረቤት ልጅ አለ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው ያደግነው። እናቱ አረብ አገር ስትሄድ ገና 6 አመቱ ነበር፣ አባትየው የለም፣ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። ብር በየወሩ ይላካል፣ ጫማው ከሁላችንም ያምራል፣ ግን ማታ ሲገባ "ዛሬ የት ዋልክ" የሚለው ሰው የለም። ቤት ውስጥ ወዳጃ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ ዱአ የሚደረግበት ስብስብ፣ ሲኖር ጫቱን ገዝቶ የሚመጣው እሱ፣ ትልልቆቹ ሲነሱ ገራባውን (የጫቱን ትራፊ) የሚጠርገውም እሱ ነው፣ እየጠረገ የቀረችውን ቅጠል አፉ ውስጥ ሲከታት አይተን ስቀናል እኮ። ወዳጃን መንቀፌ አይደለም፣ እኔም ዱአ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ ግን ጫቱ ለልጁ እንደ ቡና ቁርስ ሆነበት።

2014 ጥቅምት ላይ ደሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ትምህርት ተቋረጠ፣ ስንቱ ተሰደደ። ልጁ ያኔ ያየውን ለማን እንዳወራው እንጃ፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ከዛ ማትሪክ ደረሰ፣ "ለጥናት ያነቃል" ተባለ። ያነቃል እውነት ነው፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፣ ግን ሌሊቱንም አያስተኛም፣ ስለዚህ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣ መጠጥ)፣ ከጨብሲው ጋር ሲጋራ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። በአዋጅ 1112/2011 ከ21 አመት በታች ላለ ሰው መጠጥም ሲጋራም መሸጥ ክልክል ነው፣ እሱን ግን አንድም ቀን መታወቂያ የጠየቀው የለም።

ቤተሰቡ ሲነቃ አጎቱ በቀበቶ ገርፎ አስወጣው። የት ያደረ ይመስላችኋል? እዛው የሚጠጣበት ቤት ነዋ፣ "ና ግባ" ያለው እሱ ብቻ ነበር። ይሄ ወላሂ እስካሁን ያናድደኛል።

ባለፈው አያቱን ልጠይቅ ገብቼ እናቱ በኢሞ ደወለች። "ልጄ እንዴት ነው?" ስትል እማማ "ደህና ነው አልሀምዱሊላህ" አሉ፣ ገመና ነዋ፣ እሷም በሰው አገር እንዳትጨነቅ። ስልኩን ተቀብዬ "እትዬ፣ ደህና አይደለም" አልኳት። ብዙ ዝም አለች፣ ጠፋ እንዴ ብዬ ስክሪኑን አየሁት። ከዛ "መቼ ነው የጀመረው?" አለችኝ፣ እኔም ገራባ ይጠርግ ከነበረበት ጊዜ ጀምሬ ነገርኳት።