የመንዙማ ፈተና በጦሳ ዳገት

ሰላም የእርምጃ ጓዶች፣ "ዳገቱ እንዴት ሆነልህ?" ላላችሁኝ ይኸው።

ስጀምር ሆጤ ሜዳ ነበር የምሄደው። ለጥ ያለ ነው፣ ለጉልበትም ጥሩ ነው። ችግሩ ሰላምታው ነው። የደሴን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና መሆኑን ሳያረጋግጥ አያሳልፍህም። ላብ ሳይነካኝ ቤት እገባ ነበር። አሁን ከሱብሂ በኋላ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ወደ ጦሳ ተራራ የሚያወጣውን መንገድ ይዣለሁ።

ለምን እንደጀመርኩ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። አክስቴ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ አለባት። ሲኒው እጇ ላይ እያለ "ቡናው አልደረሰም እንዴ?" ትላለች። ጠጥታ ስታስቀምጠው ደግማ ትጠይቃለች። ይህን እያየ የራሱን ጭንቅላት የማይጠረጥር የለም። እኔማ ቁልፍ በጠፋኝ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ስለዚህ ማንበብ ያዝኩ። ልቤን የገዛው በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ነው። የመርሳት በሽታ የሌለባቸው 120 ትልልቅ ሰዎች ለአንድ ዓመት ተሳተፉ። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን ለ40 ደቂቃ ፈጠን ብለው ሲሄዱ፣ ሌሎቹ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠሩ። ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ፤ አዲስ ነገር ስንይዝ የሚሠራ ነው። አልዛይመር ቀድሞ ከሚጎዳቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። በዕድሜ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ በማፍታታቱ ቡድንም ቀነሰ። በሄዱት ግን 2 በመቶ ያህል አደገ! ለአንጎል ጠንቅ የሆኑት ደም ግፊትና ስኳርም በእንቅስቃሴ እንደሚሻሻሉ ጨምሩበት።

ፍጥነቱስ በምን ይለካል? ማውራት እየቻልክ መዝፈን ካቃተህ ልክ ነው ይባላል። እኔ በመንዙማ ነው የምለካው። አንዱን ስንኝ ሳልቆርጥ ከጨረስኩ ፍጥነት እጨምራለሁ። ሰላምታ እንኳ መመለስ ካቃተኝ ቀስ እላለሁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገቷ ሳይሮጡም ትንፋሽ ይቆርጣል። ሶምሶማውን ለጎረምሶች ትቼዋለሁ። ድሮ ግንዱን ተደግፌ ትንፋሼን የምሰበስብበት ባሕር ዛፍ ነበር፤ አሁን ሳልቆም አልፈዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን በሳምንት 150 ደቂቃም መድረስ ችያለሁ። የልብ ወይም የግፊት ችግር ያለባችሁ ግን ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ቁልቁለቱም ለጉልበት አይመችም፣ በተለይ ክረምት በጭቃ።

"አክስትህንም አውጣት፣ ትድናለች" ያላችሁኝ ነበራችሁ። አብሽሩ፣ በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ባትሉ ጥሩ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት ጠንከር ያለ ስፖርት ተሞክሮ ነበር። የሰውነት አቅማቸው ተሻሻለ እንጂ የመርሳቱ አካሄድ አልዘገየም። እኔ አሁንም ከሰዓት በኋላ ሆጤን አዞራታለሁ። እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛ ትሄዳለች። የጀመርኩትን መንዙማ እሷ ትጨርሰዋለች፣ አንድ ቃል ሳታዛንፍ። በወጣችበት ቀን ማታ ደህና ትተኛለች፤ አስታማሚ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ቀጣዩ ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ በዚያው ፍጥነት ስንኙን እጨርስ እንደሆነ ማየት ፈልጌያለሁ። የኮምቦልቻ ልጆች፣ ከባድ መኪና የማይበዛበት መንገድ ጠቁሙኝ። ፀሐዩ ሳይበረታ የሚያልቅ ይሁን።