«ቤቱ ተሸፍኗል» ያልኩ ቀን

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ሥራ ስጀምር የደረሰኝ ወንበር የውል ክፍሉ ነበር። ፖሊሲ የምንለው የመድን ውሉ ወረቀት የሚታተምበት፣ አረቦን የምንለው የመድኑ ዋጋ የሚከፈልበት ክፍል ነው። ሰው ወዶ የሚመጣበት ክፍል አይደለም። አንዱ የሚመጣው ቦሎ ሊያወጣ ሦስተኛ ወገን ፈልጎ ነው። ሌላው ባንክ ልኮት ነው።

መምህሩንም የላካቸው ባንክ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ግቢያቸው ሽምብጥ ነው፣ ወደ ሐይቁ ጠጋ ብሎ። ቤታቸውን አስይዘው ለልጃቸው ሥራ ማስጀመሪያ 1,200,000 ብር ተበድረዋል። ባንኩ ደግሞ የተያዘው ቤት መድን ይግባ ይላል። ደብዳቤው ላይ «የእሳትና የመብረቅ መድን» ይላል፤ እኔም የእሳትና የመብረቅ ሠራሁ። ደብዳቤው 1,200,000 ይላል፤ እኔም 1,200,000 ጻፍኩ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያን ቀን በቅልጥፍናዬ ኮርቼ ነበር።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ አሁን እንግዲህ ተሸፍኗል ማለት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ቤቱ ተሸፍኗል። አያስቡ» አልኳቸው።

መረቁኝና ሄዱ።

ከዓመት በኋላ ወደ ካሳ ክፍል ተዛወርኩ። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። መብረቁ ዝም ብሎ አይመታም፤ ይቆጥራል የሚያሰኝ ሌሊት ነበር። ጠዋት ቢሮ ስገባ መምህሩ ጋቢያቸውን ደርበው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ፖሊሲው በፌስታል ተጠቅልሎ በእጃቸው ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያ የፊታቸው መብራት ነው።

«እንኳን አንተ ሆንክ! ይኸው ያልከው ቀን መጣ» አሉኝ።

ከገማቹ መሐንዲስ ጋር በባጃጅ ሄድን። መብረቁ የጣሪያውን ጫፍ መትቶ ኮርኒሱና ሞራሌው ተቃጥሏል። ጎረቤት ደርሶ ነው ያጠፋው። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና የኤሌክትሪክ ምጣዱ አይሠሩም። ከመንገድ የመጣው ጎርፍ በበሩ ገብቶ ሳሎኑን አጥለቅልቆታል። በጎን ያለው የብሎኬት አጥር ወድቋል። ባለቤታቸው እትዬ ያን ሁሉ ጭቃ እየረገጡ ቡና ያፈላሉ። ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም ተባልን። ካሳ ክፍል የሚሠራ ሰው ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ካሳ ሊከለክለው በሚችለው ሰው ቤት ሁለተኛ ሲኒ መቀበል።

መሐንዲሱ ሲለካ እኔ ፖሊሲውን ገለጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ራሴ ያተምኩትን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዕቃው ልጀምር። ፖሊሲው ላይ ንብረት በሚለው ቦታ የተጻፈው «መኖሪያ ሕንፃ» ብቻ ነው። እኛ በአማርኛ ቤት ስንል ግድግዳ ብቻ አንልም። «ቤት ለእንግዳ» ብለን ስንቀበል ያን ሁሉ ነው የምንለው፤ ምድጃውን፣ ሶፋውን፣ ማድ ቤቱን፣ ግቢውን፣ አንዳንዴም ሚስቲቱን። መምህሩ በሩ ላይ ቆመው የሰሙት «ቤት» ይህን ነው። እኔ የሸጥኩላቸው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ዕቃው ለብቻው ተዘርዝሮ፣ ዋጋ ወጥቶለት፣ አረቦን ተከፍሎበት ነው የሚገባው።

ገብቶ ቢሆንስ ኖሮ? ያኔም ቀላል አይሆንም ነበር። እሳት መድን መብረቅ ያደረሰውን ይከፍላል። ግን አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ በራሱ ሾርት አድርጎ ወይም ከመጠን ያለፈ ኃይል ገብቶበት ሲቃጠል፣ ያንኑ ዕቃ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም። ከእሱ ተነሥቶ ሌላውን ያቃጠለውን ግን ይከፍላል። ያን ሌሊት መብራት ቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ የመጣው ጎሕ ሲቀድ ነው። ፍሪጁን ያቃጠለው መብረቁ ነው ወይስ መብራቱ ሲመለስ የለቀቀው ኃይል? እትዬን ብጠይቃቸው «ያቃጠለውስ እግዜር ነው» አሉኝ። ፎርሙ ላይ ለዚያ ቦታ የለውም።

ጎርፉስ? «የእሳትና የመብረቅ» የሚለው ስም ራሱ ይናገራል። ጎርፍ፣ ዐውሎ ነፋስ፣ የቧንቧ መፈንዳት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መኪና ግድግዳ ሲመታ፣ እነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሽፋን ናቸው። ደንበኛው ካልጠየቀ ወይም እኛ ካላነሣንለት ፖሊሲው ውስጥ የሉም። አጥሩ ደግሞ የባሰ ነው። ጎርፍ የተጨመረባቸው ብዙ ፖሊሲዎች እንኳ አጥርና የግቢ በር በስም ካልተጠቀሰ ያስወጣሉ።

የቀረው ኮርኒሱና ጣሪያው ነው። እሱ ተሸፍኗል። እፎይ አልኩ። መሐንዲሱ የቆርቆሮውን እርጅና ቀንሶ 300,000 ብር ገመተው። እርጅና የሚቀነሰው አሮጌ ቆርቆሮ አቃጥሎ አዲስ መውሰድ ስለሌለ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን የንብረት መድንን የካሳ ውል ነው ይለዋል። ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም።

እፎይታዬ ከሰዓት አላለፈም። መሐንዲሱ ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። ይህን ቤት እንደገና ለመሥራት፣ እርጅናው ተቀንሶ እንኳ፣ 3,000,000 ብር ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በሥራዬ ብዙ ሰው ሲናደድ ያየሁት በዚህ ነው። ቢሮ ውስጥ «አቬሬጅ» እንለዋለን። ቤትህ 3,000,000 የሚያወጣ ሆኖ በ1,200,000 መድን ከገባህ፣ ለቀሪው 1,800,000 መድን ሰጪው አንተው ራስህ ነህ። ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በዚያው ልክ ትካፈለዋለህ። «ጉዳቱ 300,000 ብቻ ነው፣ መድኔ 1,200,000 ነው፣ ይበቃል እኮ» የሚለው ክርክር አይሠራም። የቤቱን ዋጋ ስንል ደግሞ ቢሸጥ የሚያወጣውን አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ በተለይ ሐይቅ ዳር ሰው የሚገዛው ቦታውን ነው። ቦታ አይቃጠልም። የሚሰላው የብሎኬቱ፣ የብረቱ፣ የቆርቆሮውና የሠራተኛው ዋጋ ነው። እሱም በየዓመቱ ይንራል።

መምህሩ ቢሮ መጡ። እንዴት እንደምነግራቸው ሌሊቱን ሳስብ አድሬያለሁ። ወረቀቱን ገፋ አደረግኩላቸው። ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። አሁንም ቀይ እስክሪብቶ ይይዛሉ። ዳሩ ላይ 1,200,000ን ለ3,000,000 አካፈሉ። ሁለት አምስተኛ። በ300,000 አባዙ። 120,000። ተቀናሹን፣ በውሉ መሠረት ደንበኛው ከራሱ የሚችለውን፣ 5,000 አነሡ። 115,000። ከሥሩ አሰመሩበት። ልክ ነው የሚል ምልክትም አደረጉ።

«ሒሳቡ ትክክል ነው» አሉ። «ለስድስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ክፍልፋይ ነው።» እስክሪብቶውን ከደኑ። «ግን ልጄ፣ ይህን ሒሳብ ያን ቀን ለምን አልሠራነውም?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን «ፈርመዋል እኮ፣ ስለፈረሙ አንብበዋል ነው የሚባለው» አለኝ። በአሠራራችን ልክ ነው። ግን ፖሊሲው በእንግሊዝኛ፣ በጉንዳን ፊደል የታተመ ነው። እኔ ራሴ ሳላነብ ነው የሰጠኋቸው። ኋላ ልዩነቱን አሰላሁት። ያን ቀን ቤቱን በሙሉ ዋጋው አስገብቼ ቢሆን ኖሮ የሚጨምሩት የዓመት አረቦን የፋሲካ በግ አይገዛም ነበር።

115,000 ብሩም ቢሆን እጃቸው የገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፖሊሲው ላይ የባንኩ ጥቅም ተመዝግቧል። የተያዘ ቤት ስለሆነ ያለ ባንኩ ፈቃድ ቼኩ ለባለቤቱ አይሰጥም። ባንኩ «ገንዘቡ ለጥገና ይዋል» የሚል ደብዳቤ እስኪጽፍ መምህሩ ጣሪያቸውን በሸራ ሸፍነው ከረሙ።

ከዚያ ወዲህ፣ ወደ ውል ክፍሉ ተመልሼ፣ የቤት መድን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ ወረቀት የማወጣው ቆይቼ ነው። ሥራው ረዘመ። የኋላ ወረፋ አማረረ። ግን ሰው ሲጠየቅ ይጠይቃል። ምስጥ ይሸፈናል ወይ ይሉኛል። አይሸፈንም፤ ምስጥ፣ ዝገት፣ መበስበስ ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው፣ መድን ደግሞ ለድንገተኛ ነው። ሌባ በክፍት በር ገብቶስ? የቤት ሰብሮ ስርቆት ሽፋን ሰበራ ይፈልጋል፤ የተሰበረ ቁልፍ፣ የተፈለቀቀ መስኮት። ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፣ ቤቱ ለወራት ተዘግቶ ነው የሚቆየው የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህን ቀድሞ ማሳወቅ ይገባል፤ ቤት ከተወሰነ ቀን በላይ ሰው ሳይኖርበት ሲቆይ የስርቆት ሽፋኑ የሚቋረጥበት ውል አለና። በ2017 የአዋሽ ፈንታሌ መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ ሆነውም የጠየቁኝ ነበሩ። ሁከትና የፖለቲካ ጥቃት ደግሞ ለብቻው የሚገዛ ነው፤ ስለዚህኛው ሰው የሚጠይቀኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

መምህሩ መድኑን ለማሳደስ ሲመጡ ባለ ካሬ ደብተር ይዘው መጡ። ቤታቸውን በመስመር ነድፈውታል። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ የሰርቪስ ክፍሎች፣ አጥር፣ የግቢ በር። እያንዳንዱ አጠገብ በቀይ የጥያቄ ምልክት አለ። ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ሕንፃው በሙሉ ዋጋው ገባ። ዕቃው ተዘረዘረ። ጎርፍ ተጨመረ፣ አጥሩም በስም ተጻፈ። የመሬት መንቀጥቀጡን «ይቅር፣ በጀቱ አይፈቅድም» ብለው ሰረዙ። ሲሰርዙ ግን አውቀው ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አልመለስኩላቸውም። ባሕር ዳር ያልኖረ ሰው ውሃ ሲባል ሐምሌና ነሐሴን ነው የሚያስበው። ጣና ግን ይዘገያል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ያመጡትን ሁሉ ሰብስቦ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ወደ መስከረም ነው። ያኔ ፀሐይ ወጥታ፣ አደይ ፈክታ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ወለሉ ከሥር ያልባል። «ይህ ጎርፍ ነው ወይስ አይደለም?» አሉኝ መምህሩ። አላወቅኩም። ድሮ ቢሆን «ተሸፍኗል» እል ነበር። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። መልሱ መጣ፦ ከመሬት ሥር ቀስ እያለ የሚሰርግ ውሃ ጎርፍ አይባልም፣ አይከፈልም።

ደውዬ ነገርኳቸው። «እሺ፣ እሱ የኔ ድርሻ ነው» ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ በሩ ክፍት ነበር። መምህሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ አካፋ ይዘው፣ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር በቤቱ ዙሪያ ቦይ ያስቆፍራሉ። ሰላም ልላቸው ስገባ እጃቸውን አነሡብኝ።

«ቀስ፣ ቀስ! በዚያ በኩል ዙር ልጄ» አሉ። «ገና አልተሸፈነም።»