ቁመቱን ብቻ ለክታችሁ አትመልሱት

ዛሬ ደሴ ላይ የታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ ምልመላ ነበር። መለሎው ሁሉ ገባ፣ አጭሩ ሁሉ ወደ ቤቱ! ኧረ ቀስ።

መጀመሪያ ልኬቱ ራሱ ይስተካከል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል፤ የብረቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ጫማ ይውለቅ፣ ተረከዝ፣ መቀመጫና ጀርባ ግድግዳውን ይንኩ፣ ጎፈሬውን በመጽሐፍ ተጫኑት። ጠዋት የተለካ ልጅ ማታ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ቀኑን ሙሉ ስለሚጨመቁ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ።

እኔ ከቁመት ይልቅ እጅ አያለሁ። ቀለበቱ ያለው 3.05 ሜትር ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚደርሰው ደግሞ ጭንቅላት ሳይሆን ጣት። ልጁ ቆሞ እጁን ሲሰቅል የሚደርስበትን፣ ከዚያ ዘሎ የሚነካውን ለኩ፤ ልዩነቱ ዝላዩ ነው። እጆቹን ወደ ጎን ሲዘረጋ ከቁመቱ 5 ወይም 6 ሴንቲ ከበለጠ ልብ በሉት።

ብዙ ልጅ የሚባክነው ግን በዕድሜ ነው። ወንዶች በብዛት የሚመዘዙት 14 ዓመት አካባቢ፣ ሴቶች 12 አካባቢ ነው። ቀድሞ የተመዘዘው የ13 ዓመት ልጅ ዛሬ ሁሉን ይበልጣል፤ በ17 ዓመቱ እኩዮቹ ሊደርሱበት ይችላሉ። በየ3 ወሩ ለክታችሁ መዝግቡ። ልጁ አድጎ ሲጨርስ የሚደርስበትን ቁመት ለመገመት፣ የእናትና የአባቱን ቁመት በሴንቲ ሜትር ደምሩ፣ ለወንድ 13 ጨምሩ፣ ለሴት 13 ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ። ግምት ነው፤ 8 ሴንቲ ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል።

አሜሪካዊው ተጫዋች መግሲ ቦግስ 1.60 ሜትር ሆኖ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ውስጥ 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። እርግጥ እንደሱ ያለው ብርቅ ነው። አጭሩን ልጅ «አብሽር» ብቻ አትበሉት፤ በሁለቱም እጁ ኳስ መንዳት አሠልጥኑት።