የፋይል አድራሻ ከልክ በላይ ሲረዝም

ብዙ ፎልደሮችን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ስንገለብጥ ሥራው መሐል ላይ ቆሞ ስሙ በጣም ረዝሟል የሚል መልእክት የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ ስም ብቻውን ስለረዘመ ሳይሆን፣ ከድራይቩ ፊደል አንሥቶ እስከ ፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው ሙሉ አድራሻ ዊንዶውስ ከቆየ አሠራሩ የወረሰውን የ260 ፊደላት ገደብ ስላለፈ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ራሱ ወደ 32,000 የሚጠጉ ፊደላትን መሸከም ይችላል።

እኔ አስቀድሜ የምመክረው የላይኛውን ፎልደር ስም ማሳጠር ነው፤ «የዓመቱ ሪፖርት የመጨረሻ የታረመ ቅጂ» የሚለውን «ሪፖርት» ብንለው በውስጡ ያሉት ፋይሎች አድራሻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጥራል። ስሙ መለወጥ የሌለበት ከሆነ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ ትእዛዝ በመጻፍ የሚሠራው ሮቦኮፒ (Robocopy) የተባለ የመገልበጫ ፕሮግራም ረጃጅም አድራሻዎችን ያለ ችግር ይገለብጣል። ከዊንዶውስ 10 እትም 1607 ጀምሮ ገደቡን በሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) ማንሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ራሱ ካልደገፈው ለውጥ የለውም።

አጥብቄ የማሳስበው ግን መልእክቱ ሲመጣ «ዝለል» የሚለውን ዝም ብሎ ተጭኖ ማለፍ እንደማይገባ ነው፤ የተዘለለው ፋይል አልተገለበጠምና፣ የሁለቱን ወገን የፋይል ብዛት ሳያመሳክሩ ዋናውን መሰረዝ አይገባም።