ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ጫካን ማየት እንዴት ተማርኩ

ጫካ መሄድ የጀመርኩት እግሬን ለማፍታታት ነበር። ፈጠን ብዬ ገብቼ፣ ዞሬ እወጣለሁ። ቀስ በቀስ ግን የምሄድበት ምክንያት ተለወጠ። አሁን የምሄደው ለማየት ነው። በተለይ በመጸው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ ጫካው በየሳምንቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን ለማየት ያገዘኝን ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ አንድ መንገድ ያዝኩ። አዲስ አዲስ ጫካ ማሰስ ደስ ይላል። ለውጥን ለመከታተል ግን አይመችም። ባለፈው ሳምንት ምን እንደነበረ ካላወቃችሁ ዛሬ ምን እንደተለወጠ በምን ታውቃላችሁ? ስለዚህ አጭር መንገድ መረጥኩ፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ጥቂት ዛፎችን ለራሴ ለየሁ። አንድ ትልቅ ኦክ፣ አንድ ቢች፣ አንድ ሜፕል፣ እርጥብ ቦታ ላይ የበቀለ በርች። በሄድኩ ቁጥር እነሱ ጋ ስደርስ እቆማለሁ።

መቆም ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲገባ ወፎቹ ይርቃሉ፣ ዝም ይላሉ። ጥቂት ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ከጠበቁ ግን ይመለሳሉ። የኦክ ፍሬ ቅርንጫፍ እየመታ ሲወርድ ይሰማል። ከቅጠሉ ስር የሚንኮሻኮሸው ነገርም ራሱን ያሳያል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ጉዳይ ብቻ መያዝ ነው። ዛሬ ቀለም፣ ሌላ ቀን መሬቱን፣ ሌላ ቀን ድምፅ። ሁሉን ላይ ስል ምንም አይታየኝም። አንድ ነገር ስፈልግ ግን ያልፈለግኩት ሁሉ አብሮ ይመጣል።

በቀለም ጀመርኩ። ቢጫው አዲስ የመጣ ይመስላል እንጂ ሞቃታማዎቹን ወራት ሁሉ ቅጠሉ ውስጥ ነበር። ቢጫውን የሚሰጡት ካሮቲኖይዶች የሚባሉ ቀለሞች ናቸው፤ ለካሮትም መልኩን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አረንጓዴው ክሎሮፊል ሸፍኗቸው ነው የማናያቸው። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ዛፉ ክሎሮፊሉን ያፈራርሳል። ናይትሮጅንና ሌሎች ጠቃሚ ንጥረ ነገሮችን ከቅጠሉ እየሰበሰበ ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይመልሳል። ቢጫው ያኔ ይገለጣል።

ቀዩ ሌላ ታሪክ አለው። አንቶሳያኒን ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ወቅት ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ ካለው ስኳር። ለመሠራት ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ወደ ሜፕሏ ተመልሼ ዞርኳት። ፀሐይ የሚያገኛት ጎኗ ቀልቷል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ቢጫ ነው። እንዲያውም አንዳንድ ቀይ ቅጠል ላይ የሌላ ቅጠል ቅርጽ በቢጫ ታትሞ አገኘሁ። ላዩ ላይ ተደርቦ ፀሐይዋን የከለለው ቅጠል ጥላ ነው! እንዲህ ያለውን ነገር ከመጽሐፍ አንብቦ በዓይን ማረጋገጥ የሚሰጠው ደስታ ልዩ ነው።

አስፐን የሚባሉ ዛፎች ያሉበት ጫካ ከሄዳችሁ ደግሞ ከሩቅ ሆናችሁ እዩ። አንዱ ስብስብ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ አጠገቡ ያለው ገና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም አስፐን ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል። ብዙ ዛፍ የሚመስለን አንድ ዛፍ ነው፤ ስለዚህም አብሮ ይለወጣል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ፓንዶ የሚባለው አስፐን ወደ 43 ሄክታር መሬት ይሸፍናል። ከ40,000 በላይ ግንድ ያለው አንድ ተክል ነው። ይህን ሳውቅ ዛፍን መቁጠር ራሱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

የወደቁትንም አንሱና ገልብጣችሁ እዩ። ቢጫ ሆኖ የረገፈ ቅጠል ላይ አንዳንዴ አረንጓዴ ሆና የቀረች ቁራጭ ቦታ ትገኛለች። እዚያ ውስጥ፣ በቅጠሉ የላይና የታች ሽፋን መሃል፣ ትንሽ ትል ትኖራለች። ከእነዚህ ትሎች አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች እርዳታ ያቺን ቦታ እንዳትደርቅ ያደርጓታል። ቅጠሉ መሬት ወርዶም ትሏ መብላቷን ትቀጥላለች። እኔ ለዚህ ስል ማጉያ መነጽር ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው።

አሁን ደግሞ ስለ ቅርንጫፎች። ብዙ ሰው የሚያየው የሚረግፈውን ነው፤ እኔ የምወደው የሚቀረውን ነው። ቅጠል የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል። ልክ ከጠባሳው በላይ እምቡጥ አለ። የሚመጣው ዓመት ቅጠል እዚያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የተዘጋጀውም ዛፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ቅርፊት በመሰሉ ሽፋኖች ታሽጎ ብርዱን ይጠብቃል። ቢች ላይ እምቡጡ ረዥምና ሹል ነው፤ ኦክ ላይ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ቅጠል ባይኖር እንኳ ዛፉን በዚህ መለየት ይቻላል።

ቅጠል የሚወድቀው ነፋስ ስለሚነቅለው ብቻ አይደለም። ዛፉ ራሱ ነው የሚለቀው። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚለያይ ንብርብር ይሠራል፤ ቁስሉንም በቡሽ መሰል ሽፋን ይዘጋል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ቅጠል እንደለበሰ የተሰበረ ቅርንጫፍ ፈልጉ። ቅጠሉ ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደተንጠለጠለ ታገኙታላችሁ። ቅርንጫፉ ስለሞተ ቅጠሉን መልቀቅ አልቻለም። ማራገፍ የሕያው ዛፍ ሥራ ነው። ይህ ለእኔ ስለ ወቅቱ ያለኝን ስሜት ቀየረው። በፊት ሐዘን ሐዘን ይለኝ ነበር፤ አሁን ጫካው ሥራ ላይ እንደሆነ ነው የማየው። ጤነኛ ሆነው ደረቅ ቅጠላቸውን ይዘው የሚከርሙም አሉ፤ ወጣት ቢችና ኦክ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

መሬት ላይ ደግሞ እንጉዳይ አለ። ዝናብ ከጣለ በኋላ መውጣት ነው። እንጉዳይ የምንለው የሚታየውን ክፍል ብቻ ነው። ዋናው አካል አፈርና እንጨት ውስጥ የተዘረጋ ቀጭን ክር ነው። ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን እንጉዳይ ብዙ ጊዜ የማገኘው በርቹ አጠገብ ነው። ከሥሩ ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ዛፉ ስኳር ይሰጠዋል፤ እሱ ውሃና ማዕድን ያቀብላል። እኔ እንጉዳይ ለመብላት አልለቅምም። ገዳዮቹ ከሚበሉት ጋር በጣም ይመሳሰላሉና እናንተም በፎቶ ወይም በስልክ መተግበሪያ ተማምናችሁ እንዳትሞክሩት።

ድምፅ የማዳምጥበት ቀን ስለ ጄይ ተማርኩ። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለው፣ ጩኸቱ የሚያስደነግጥ ወፍ ነው። የኦክ ፍሬ እየያዘ ሄዶ አንድ በአንድ መሬት ውስጥ ይቀብራል። ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ ነው። ሳይበላ የቀረው ይበቅላል። ከባድ ፍሬ በነፋስ አይሄድም፤ ከእናቱ ዛፍ ርቆ የበቀለ ትንሽ ኦክ ሳይ አሁን ማን እንደተከለው እገምታለሁ።

አይቪ የሚባለውን ሐረግ ያገኛችሁ እንደሆነ ቆም በሉ። ሌላው ሁሉ አበባውን ሲጨርስ እሱ ገና ያብባል። ፀሐይ በወጣ ቀን ንቡ፣ ተርቡ፣ ዝንቡ ሁሉ እዚያ ነው።

ስለ ትጥቅ ብዙ የምለው የለኝም። እርጥብ ቅጠል ያንሸራትታል፤ ጥሩ ጫማ አድርጉ። መዥገር በዚህ ወቅትም አለና ረዥም ካልሲ ልበሱ፣ ቤት ስትገቡ ሰውነታችሁን ፈትሹ። አደን በሚፈቀድበት አካባቢ ደማቅ ልብስ ያስፈልጋል። ቶሎ ይመሻል፤ መመለሻ ሰዓታችሁን አስቡበት።

ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳ ውስጥ አስገባዋለሁ። ከፎቶ ይልቅ ትንሽ ደብተር ላይ መሣል ይሻለኛል። ሥዕል አልችልም የሚል ሰው ካለ ችግር የለውም፤ ለማንም አይታይም። ቅጠልን ለመሣል ጠርዙ ጥርስ አለው ወይ፣ ላዩ ላይ ያሉት ደም ሥር መሰል መስመሮች ትይዩ ናቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ፎቶ ይህን ጥያቄ አያስጠይቅም። ስሙን ለማወቅም አልቸኩልም። መጀመሪያ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ስሙን ቤት ገብቼ እፈልጋለሁ። ስሙን ቀድሜ ያወቅኩ ቀን ማየቴን አቆማለሁ።

ቅጠሉ ካለቀ በኋላም ጉዞው አይቋረጥም። ያን ጊዜ የወፍ ጎጆዎች ይታያሉ። አንዳንዱ ከመንገዱ በላይ፣ ሳላየው ስመላለስበት የከረምኩበት ቦታ ላይ ነው። አሁን የጎጆዎቹን ቦታ ደብተሬ ላይ እየመዘገብኩ ነው። ብርዱ አልፎ ቅጠሉ ሲመለስ በየትኛው አካባቢ የትኛው ወፍ እንደሚሠራ ለመከታተል አስቤያለሁ።