ከእጅ የማይሻል ሰንጢ

ሰንጢ መያዝ የጀመርኩት ባለፈው መስከረም ነው። "ቢላዋ አለኝ" ብትል ሰው ወጥ ቤትህን ያስባል። "ሰንጢ አለኝ" ስትል ግን ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። እናቴ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ ያገኘችው ዕለት አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?"

"ከማንም።"

"እና ከማን ጋር ልትጣላ ነው?"

34 ዓመቴ ነው። ሥራዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ በወር በወሩ ሒሳብ እዘጋለሁ። ከሰው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተደባደብኩት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ እሱንም ተሸንፌ።

ጥፋቱ የስልኬ ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሰንጢ የሚያወሩ ፈረንጆች ቪዲዮ ውስጥ ገባሁና እስኪነጋ አልወጣሁም። ሰዎቹ ስለ ሰንጢ የሚያወሩት እኛ ስለ ኳስ እንደምናወራው ነው። ካርል ኤልስነር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ በፈረንጆቹ 1891 ለአገሩ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ ወታደሩ ቆርቆሮ እንዲከፍትበትና ጠመንጃውን እንዲፈታበት። ፈረንሳዮቹ ደግሞ ኦፒኔል የሚባል የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ አላቸው፤ ከ1890 ጀምሮ የነበረ። አንገቱ ላይ ቀለበት አለችው። ቀለበቷ የተጨመረችው በ1955 ነው። ዞር ስታደርጋት ስለቱ ይቆለፋል፣ መልሰህ ስታዞራት ይለቃል። ይኸው ነው። ገበሬው ዳቦና አይብ ይቆርጥበታል፣ ጠርጎ ኪሱ ይከተዋል። ዋጋውም የሚያስደነግጥ አይደለም። "ለካ ሰንጢ የዱርዬ ብቻ አይደለም!" አልኩ ለራሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

እኔ የገዛሁት ግን የስዊሱንም የፈረንሳዩንም አይደለም። ፒያሳ፣ ካልሲና ቻርጀር ከሚሸጥ ልጅ ላይ በ350 ብር ነው የገዛኋት። ስለቱ ላይ የስዊዘርላንድ መስቀል አለ። ካርቶኑ ላይ ቻይና ይላል። ልጁን ይሄ እንዴት ነው ብለው "ሁለቱ አገሮች ተስማምተው ነው" አለኝ።

መቆለፊያዋ ቀለበት ሳይሆን ላሜራ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ጉዱ የሚመጣው ከዚህች ላሜራ ነው። ስለቱን ስትከፍት እጀታው ውስጥ የተኛች ቀጭን ላሜራ እንደ ሞላ ተስፈንጥራ ከስለቱ ተረከዝ ኋላ ትገባለች፤ ስለቱ ጣትህ ላይ እንዳይታጠፍ ትይዘዋለች። ለመዝጋት ላሜራዋን በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፋ፣ ስለቱን እጥፍ። ፈረንጆቹ ላይነር ሎክ ይሉታል። በዛሬው መልኩ ያመጣው ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1980ዎቹ። ጥሩ ሰንጢ ላይ ላሜራዋ ተረከዙ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ርካሽ ሰንጢ ላይ ግን ብረቷ ስስ ነው፣ ልኳም በዓይን የተገመተ ይመስላል፤ አንዳንዴ ማቆሚያዋን አልፋ ትሄድና ትቀረቀራለች። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ፍተሻ ነበር። መሀል አዲስ አበባ ሰንጢ ይዞ መዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፈረንጆቹ አልነገሩኝም። ባንክ ፍተሻ። መሥሪያ ቤት ፍተሻ። ፎቅ ላይ ያለ ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንኳን ፍተሻ። አንድ ጥበቃ ኪሴን ዳብሶ አወጣትና በሁለት ጣት አንጠለጠላት።

"ይሄ ለምንድን ነው?"

"ብርቱካን ለመላጥ ነው፣ ጋሼ።"

"እዚህ ቤት ብርቱካን የለም።"

ምን ይመለሳል? ስለዚህ በር ላይ ለሚቀመጥ ሊስትሮ በ10 ብር አደራ መስጠት ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ሊስትሮው ደንበኛ አደረገኝ፤ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ይዘረጋል። ታኅሣሥ ሲያልቅ ብደምረው ለአደራ የከፈልኩት ዋጋዋን አልፏል። አንድ ቀን ደግሞ ብርቱካን ስልጥ የጫማ ቀለም ቀለም አለኝ። ብጠይቀው ምንም አላፈረም። "ጭቃ እፍቅባታለሁ፤ ዝም ብላ ከምትቀመጥ ብዬ ነው" አለኝ። ስለቱ የደነዘዘው ለካ ለዚህ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏታል እንዲህ ያለችዋን።

ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። የጥምቀት ሰሞን ነው፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ። ማዘጋጃ ቤት አካባቢ አንዲት ሴት በሳፋ ብርቱካን ትሸጣለች። አንድ ኪሎ ገዛሁ። እዚያው ቆሜ አንዱን ልጬ ልቅመስ ብዬ ሰንጢዬን አወጣሁ። ቀጭ አለች፤ ደስ የሚል ድምፅ። ልጣጩን ሳይቆረጥ እየጠመዘዝኩ ሳወርድ፣ ሴትየዋም "ጎበዝ!" ስትለኝ፣ ከላይ በኩል አንዱ "ደንብ!" ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ ሳፋዋን አቅፋ እልም። የኔ 60 ብር መልስም አብሮ እልም።

ብርቱካኔን በላሁ። ሰንጢዋን ልዘጋ ላሜራዋን ገፋሁ። ወይ ፍንክች። ደግሜ ገፋሁ። ጥፍሬ ተገነጠለ። አየሁት፤ ላሜራዋ ወዲያኛው ግድግዳ ድረስ ሄዳ ተሰንቅራለች። 12 ወር ሙሉ ሒሳብ ስዘጋ የኖርኩ ሰው አንዲት ሰንጢ መዝጋት አቃተኝ።

አሁን ሁኔታዬን አስቡት። ቅዳሜ ማታ፣ መሀል ከተማ፣ የተከፈተ ሰንጢ በእጄ። ኪሴ ብከታት ጭኔን ትወጋለች። ፌስታሉ ውስጥ ብከታት ፌስታሉን ቀድዳ ብርቱካኑን ቸርችል ላይ ትበትናለች። ልጣላት እንዳልል ልጅ ያነሳታል። ከጃኬቴ ሥር ልደብቃት አሰብኩ፤ እሱ ደግሞ ባሰ፣ ከጃኬት ሥር የሚደበቅ ሰንጢ ምን እንደሚመስል እናንተው ታውቁታላችሁ። ድሮ ቢሆን ጨለማው ይሸፍነኝ ነበር። አሁን ኮሪደር ልማቱ የተከለው መብራት እንደ ስታዲየም ወገግ አድርጎ አበራብኝ። ስለቱ ያብለጨልጫል።

አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሰንጢ ይዞ የሚሄድ ሰው ያስፈራል፤ ብርቱካን እየላጠ የሚሄድ ሰው ግን አያስፈራም። ስለዚህ እየላጥኩ ቁልቁል ወረድኩ። አንዱን ስጨርስ ሌላ። ሆዴ ስለሞላ የላጥኩትን መልሼ ፌስታሉ ውስጥ እከታለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ አራተኛው ላይ ነበርኩ። እዚያ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሕዝቡ ከሥሩ ፎቶ ይነሳል፣ ሕፃን ይስቃል። የኔን 7 ሳንቲ ሜትር ያዩ ሁለት ሴቶች ግን ክንድ ለክንድ ተያይዘው መንገድ ተሻገሩ።

ትንሽ ወረድ ብዬ አንድ ጠንካራ የሚመስል ወጣት ብቻውን ሲመጣ አየሁ። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ላሜራዋን ሊያሸንፋት ይችላል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጠጋ አልኩት።

"ወንድም፣ ይቅርታ፣ አንዴ ተባበረኝ።"

ቃሉን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ልጁ ፊቴን አየ፣ ሰንጢዋን አየ፣ ስልኩን አወጣ።

"ሲሜን ብቻ ላውጣ፣ በናትህ።"

"ኧረ አይደለም፣ እኔ…" ብዬ ላስረዳ እጄን ሳንቀሳቅስ ሰንጢዋም አብራ ተንቀሳቀሰች። ስልኩን ፌስታሌ ውስጥ፣ የተላጡት ብርቱካኖች ላይ ጣለልኝና ሮጠ።

ታዲያ ምን አደርጋለሁ፣ ተከትዬው ሮጥኩ። "ስልክህን እንካ!" እያልኩ። ግን እየሮጠ ያለ ሰው ከኋላው የሚሰማው "ስልክህን" የሚለውን ብቻ ነው። "ሰጥቼሃለሁ እኮ!" እያለ ፍጥነት ጨመረ። እኔ ለፍቼ ለፍቼ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ትንፋሼ አለቀ። እሱ ግን በዚያ አሯሯጡ ሰበታ የደረሰ መሰለኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በአንድ እጄ የተከፈተ ሰንጢ፣ በሌላው የሰው ስልክ ያለበት ፌስታል ይዤ ቆምኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ስልኩ ጠራ። "ፍቅሬ" ይላል፣ ከጎኑ ሁለት ቀይ ልብ። አነሳሁት።

"አቤት።"

"ማነህ?"

"ስልኩን… የሰጠኝ ሰውዬ ጠፍቶብኝ ነው።"

"አንተ ሌባ!"

"እህቴ ተረጋጊ፣ ሌባ አይደለሁም። ሰንጢዬ አልዘጋ ብሎኝ ነው።"

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ ሰው እብድ ሲያባብል እንደሚያወራው፣ "እሺ፣ እሺ ወንድሜ፣ አሁን የት ነህ?" አለችኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ ልንገናኝ ተስማማን። "እሱ ይመጣል፤ ብቻውን ግን አይመጣም" አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

ፖስታ ቤቱን አለፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ቀራጭ ሱቁን ሊዘጋ ሲሰናዳ ደረስኩበት። ከሩቁ እጄን ወደ ላይ አንስቼ፣ "አባባ፣ አትደንግጡ፣ የተበላሸች ናት!" አልኩ። አልደነገጡም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሰንጢዋን ተቀብለው መብራቱ ሥር አዟዟሯት።

"ስንት ገዛሃት?"

"350።"

"ካርቶኑን ነው የገዛኸው።"

ካቻቢቴ ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ገና ያልተቀረጸ ቁልፍ ከመስቀያው አወረዱ። ጫፉን በላሜራዋና በግድግዳው መሀል ሰክተው በመዳፋቸው አንዴ መታ አደረጉት። ላሜራዋ ጭው ብላ ተመለሰች። ስለቱን በቀስታ አጥፈው ሰጡኝ። አምስት ሰከንድ አልፈጀም። እኔ ግን ለዚህ ግማሽ ቸርችልን አሸብሬያለሁ።

"ከዚህ በኋላ አትክፈታት" አሉኝ።

"ስንት ልክፈል፣ አባባ?"

ፌስታሌን አዩ። "ሁለት ብርቱካን ይበቃኛል።" ከፍተው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። "ያልተላጠ የለህም?"

አልነበረኝም።

ብሔራዊ ጋ ስደርስ ልጁ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቆሟል። ሦስቱም ከሱ ይገዝፋሉ። ስልኩን በሁለት እጄ፣ ለአባት እንደሚሰጥ ጠላ፣ አቀረብኩለት። በመሀረብ ጠርጌዋለሁ፤ ትንሽ ብርቱካን ብርቱካን ከመሽተቱ በቀር ምንም አልሆነም። ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። "ተባበረኝ" ያልኩበት ቦታ ላይ ስደርስ አንደኛው ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ልጁ ራሱ መጨረሻ ላይ ሳቀ፣ ቢሆንም እየሳቀም ከኔ ሁለት እርምጃ ራቅ እንዳለ ነው።

"እስቲ ሰንጢዋን አሳየን" አለ ከሁሉም ግዙፉ።

ሰጠሁት። "እንዳትከፍታት!" ያልኩት ዘግይቼ ነው። ቀጭ!

አራቱም ተራ በተራ ታገሏት። አንዱ በጥርሱ ሞከረ። ሮጬ ወደ ቁልፍ ቀራጩ ተመለስኩ፤ ሱቁ ተቆልፏል። አምስት ጎልማሶች የተከፈተ ሰንጢ ከበን ብሔራዊ በር ላይ ቆምን። ሰው በሩቁ ዞሮን ያልፋል።

ግዙፉ ልጅ ነው መላ ያመጣው። "ቁርጥ ቤት እንግባ" አለ። "በዚህ ሰዓት ሰው ቢላዋ ይዞ ቢታይ ምንም የማይባልበት ሌላ ቦታ የለም።" ልክ ነው። እኔ ልጋብዝ አልኩ፤ ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ሰንጢዋን በጋዜጣ ጠቅልለን ሄድን።

ስጋ ቤቱ በር ላይ ጥበቃ አለ። ጋዜጣውን ገለጠው። አንገቱን ነቀነቀ።

"ይሄ ወደ ውስጥ አይገባም። ስትወጡ ትወስዳላችሁ።"

አስረክበን ገባን፣ ተቀመጥን። ሁለት ኪሎ አዘዝን። አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባና ክንድ ክንድ የሚያካክሉ አምስት የተሳሉ ቢላዋዎች አምጥቶ ፊት ለፊታችን ደረደረ። ትልቁን ለኔ ሰጠኝ። ባለ ስልኩ ልጅ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።